ልጄን ግቢ ምን አደረገብኝ?

አከራዬ እማማ ቅዳሜ ጠዋት በሬን ቆረቆሩ። በአንድ እጃቸው የገብስ ቆሎ በሳህን ይዘዋል። ቆሎው ሰበብ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

«አንተ ልጅ፣ አንተም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ኖረሃል አይደል? እስቲ አስረዳኝ። ልጄን ምን አድርገውብኝ ነው?»

ልጃቸው አምና አርባ ምንጭ ተመደበ። ዘንድሮ ለእረፍት መጣ። በመጣ በማግስቱ ምሳ በላና ሳህኑን አንስቶ አጠበ። አባቱ «ምን ሆነህ ነው?» ቢሉት የሳቸውንም ጨምሮ አጠበው። መንዝ ያለች የ15 ዓመት የአጎቱ ልጅ ልትታጭ ነው ሲባል «ሕፃን ናት፣ ሕጉም 18 ነው የሚለው» ብሎ ቤቱን አመሰው። በጾም ደግሞ ከአባቱ በለጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አይቀምስም። ሌሊት እስከ ሰባት ስምንት ሰዓት ስልኩ ላይ ያፈጣል፤ ጠዋት ቢጠሩት አይሰማም። ከስቷል። «ምነው ልጄ?» ሲሉት «ደህና ነኝ» ነው መልሱ።

«ተበላሸ እንዳልል ይጾማል። ተባረከ እንዳልል ለአባቱ መልስ ይሰጣል። ግራ ገባኝ» አሉ።

ግራ የገባቸው የራሳቸው ልጅ ብቻ አይደለም። ጓሮው ላይ ካሉት ክፍሎች ሁለቱን የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተዋል። አንዱ ከጋምቤላ ነው፣ አንዱ ከጅማ፣ ሌላው ከጎጃም። እነሱንም ከፍሬሽ፣ ከመጀመሪያው ዓመት፣ ጀምሮ ሲለወጡ አይተዋል። «የሰው ልጅ እኔ ደጅ ይቀየራል፣ የኔ ልጅ ሰው አገር ይቀየራል» አሉኝ። ጥያቄውን ከዚህ በላይ አሳምሮ ያስቀመጠ ምሁር አላነበብኩም።

ያን ቀን ቡና እየጠጣን ያስረዳኋቸውን፣ ሳስረዳቸው የረሳሁትንም ጨምሬ፣ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ብዙ ወላጅ ልጁ ሲለወጥ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ትምህርቱን ነው። «ምን አስተምረውት ነው?» ይላል። እውነት ለመናገር መምህሩ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነው የሚያገኘው። የቀረውን ጊዜ የሚወስዱት አልጋው፣ ካፌው፣ ሰልፉና አጠገቡ የተኛው ልጅ ናቸው። ስለዚህ ከሰውነቱ እንጀምር። አእምሮውም አመለካከቱም እዚያ ላይ ነው የተሰቀሉት።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ነው። ያ ልጅ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ተጉዟል። እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ለአገሬው ሰው ይህ ምንም አይደለም። ከቆላ ለመጣ ልጅ ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት፣ ደረጃ ሲወጡ ልብ መምታት፣ ሌሊት ደግሞ ብን እያለ መንቃት ሊኖር ይችላል። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለቃል። ልጁ ግን ይህን ማን ነግሮት? «አገሩ አልተስማማኝም» ብሎ ለቤቱ ይደውላል። እናት ታለቅሳለች። እሱም ስልኩን ዘግቶ ይተክዛል።

ከዚያ ብርዱ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቀን አለ፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይነጣል። ከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት በከንቱ አይደለም። እማማ ያን የጋምቤላ ልጅ መጀመሪያ ያዩት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲ ሲያጥብ ነው። ጣቶቹን ውሃው ውስጥ ይነክራል፣ ያወጣል፣ አፉ ውስጥ ይከታል፣ እንደገና ይነክራል። ሄደው ትኩስ ውሃ ጨመሩለት። «አለቀሰብኝ» አሉ። «በትኩስ ውሃ ሰው ያለቅሳል እንዴ?»

ያለቅሳል። ቤቱ የናፈቀውን ሰው ብርድ ይበልጥ ያስናፍቀዋል። ናፍቆት ደግሞ አንጎል የለመደውን ሁሉ በአንዴ ሲያጣ የሚያሰማው ጩኸት ነው፤ ሽታውን፣ ድምፁን፣ የእራት ሰዓቱን፣ ከመተኛቱ በፊት «እደሩ» የሚለውን ሰው። አብዛኛው ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ውስጥ ይለምደዋል። የሚያስለምደው ደግሞ ጊዜ ብቻ አይደለም። አዲስ «እደሩ» የሚባባለው ሰው ሲያገኝ ነው የሚለምደው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ አመለካከት ላይ ስንደርስ ትመጣለች።

ስለ ብርድ ከተነሳ የአረቄውን ነገር ሳልናገር ባልፍ አገሬው ይታዘበኛል። የደብረ ብርሃን አረቄ ስም አለው። አዲስ ገቢ ተማሪ ሲኒየሮች የሚነግሩት የመጀመሪያ «ሳይንስ» «አንድ መለኪያ ካልያዝክ ይህን ብርድ አትችለውም» የሚል ነው። ሐሰት ነው። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን ይከፍታል። ደም ወደ ላይ ይመጣል፣ ፊት ይግላል፣ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል። በዚያችው ሰዓት ግን ሙቀቱ በቆዳው እየወጣ ነው፤ የውስጥ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ገብስ ጠላችንንም አረቄያችንንም እወዳለሁ። ለብርድ ግን ጋቢ ነው መድኃኒቱ።

እንቅልፍ ከሁሉም ይበልጥ የተናቀ ነገር ነው። በዚህ ዕድሜ፣ ከ15 እስከ 20 ባለው ላይ፣ የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይዘገያል። የወጣቱ ዓይን ማታ አምስት ሰዓት ላይ አልከደን የሚለው ሰነፍ ወይም ባለጌ ሆኖ አይደለም። ችግሩ ግቢው በዚህ ላይ የሚጨምረው ነው። ስድስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ይተኛል። አንዱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከስፔስ፣ ከማንበቢያ ክፍሉ፣ ይመለሳል፤ በሩን ያንኳኳል። አንዱ አሥራ አንድ ሰዓት ለኪዳን ይነሳል። አንዱ ለሱብሂ ሶላት። አንዱ አላርም ሞልቶ ራሱ አይሰማውም፤ አምስቱ ይሰማሉ። ለሚድና ለፋይናል፣ ለሴሚስተሩ አጋማሽና ማብቂያ ፈተና፣ ደግሞ ቸከላ አለ። ሌሊቱን ሲቸክል ያድርና ጠዋት ፈተና ላይ ያነበበው ይጠፋበታል። ለምን ቢባል ቀን ያነበብነውን አንጎል የሚያደራጀው ስንተኛ ነው። ያልተኛ ሰው ጎተራ ሳይኖረው እህል እንደሚወቃ ነው።

እንቅልፉን ለማባረር ጫት የሚጀምርም አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃቃል፤ ለዚያ ነው ምርቃና ላይ ያለ ተማሪ አንድ ኮርስ በአንድ ሌሊት የሚጨርስ የሚመስለው። ምርቃናው ሲወርድ ግን ድብርት ይከተላል፣ የሚቀጥለውም ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላል። ብዙዎች ድብርቱን ለመስበር ማታ ይጠጣሉ። እንዲህ ሆኖ ነው የአንድ ሳምንት የፈተና ዘዴ የአራት ዓመት ልማድ የሚሆነው።

ምግቡን ባጭሩ። መንግሥት ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመድበው ለብዙ ዓመት 15 ብር ነበር። ቀጥሎ 22 ብር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ አለ። በ15 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት የበላ ትውልድ አሁን ሥራ ላይ ነው፤ ከነሱ አንዱ እኔ ነኝ። ሽሮው ውስጥ ፊታችንን እናይ ነበር። እማማ ልጃቸው የከሳው «ተምሮ ተምሮ» መስሏቸዋል። ከዚያ ሽሮ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ መጾም ሲጨመር ምን ይጠበቃል?

አሁን ወደ አእምሮ። እኔ «የወረዳ አንደኛ ሕመም» የምለው ነገር አለ። ልጁ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ነው። ቀበሌው ያውቀዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ምን ያህል ወንፊት እንደሆነ አይተናል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዙር 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ናቸው። ያለፈው ልጅ ቤተሰቡ ድንኳን ሊጥልለት ምንም አልቀረውም። ግቢ ይገባል። ሴክሽኑ ውስጥ 60 ልጅ አለ። 60ውም አንደኛ የነበሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ሚድ ይመጣል። ከ30 አሥራ አንድ። ልጁ አልደደበም፤ የሚወዳደርበት ሰው ነው የተለወጠው። ሄርበርት ማርሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንን በሰፊው አጥንቶታል። ያገኘው ነገር ቀላል ነው። ሰው ስለ ችሎታው የሚያስበው በእውነተኛ ችሎታው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ካሉት ጋር ራሱን አስተያይቶም ነው። እኩል ችሎታ ያላቸው ሁለት ልጆች አንዱ ከጎበዞች፣ አንዱ ከመካከለኞች መካከል ቢቀመጡ፣ ከጎበዞቹ ጋር ያለው ራሱን ዝቅ አድርጎ ያያል። ይህ ልጅ ውጤቱን ለቤቱ አይናገርም። «ደህና ነኝ» ይላል። «ደህና ነኝ» ማለት ብዙ ጊዜ «የምታስቡኝን ያህል አይደለሁም» ማለት ነው። ለጎበዝ ልጅ ከዚህ የከበደ ኑዛዜ የለም።

50 ከመቶ ሳያመጣ በሪሚዲያል፣ በማካካሻ ትምህርት፣ አልፎ የገባው ደግሞ ሌላ ሸክም አለው። «የፈተና ትራፊ» የሚል ቀልድ በየዶርሙ ይወረወራል። ቀልዱን የሚወረውሩት አሥራ አንድ ያመጡት ናቸው።

መጨረሻ ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተናው ይጠብቃል። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ያለፉት ከተፈተኑት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ። የድሮ ጂሲ፣ ተመራቂው ማለቴ ነው፣ ሱፍ ስለማሰፋት ነበር የሚጨነቀው። የአሁኑ ጂሲ ሱፉን አሰፍቶ የሚለብስበት ቀን መኖር አለመኖሩን ያሰላል።

ግቢ የአእምሮ ሕመም ያመጣል ወይ? እማማ ይህን የጠየቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ሰፈር ውስጥ «ተምሮ ተምሮ አበደ» የሚባል ልጅ ታሪክ የሌለው የለም። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት የአእምሮ ሕመም ከሚይዛቸው ሰዎች በሦስት አራተኛው ላይ ሕመሙ እስከ 24 ዓመታቸው ድረስ መጀመሩን አሳይቷል። ማለትም ግቢ የሚገባበት ዕድሜ ሕመሙ ከሚጀምርበት ዕድሜ ጋር ይገጣጠማል። መጽሐፉ አላሳበደውም። እንቅልፍ ማጣት፣ ብቸኝነት፣ ጫትና አልኮል ግን ሊመጣ የነበረውን ያፈጥኑታል፣ የመጣውን ያከብዱታል።

ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ይበጃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፤ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፤ ክላስ መግባት ከተወ፤ ለምንም አልረባም ካለ፣ ይህ «ስንፍና» አይደለም። ሕክምና ያለው ሕመም ነው። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ ለነገ አይባልም። ያን ሌሊት ሰው አብሮት ይደር፣ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሰሜን ሸዋ የጻድቃኔ ማርያምና የሸንኮራ ዮሐንስ አገር ነው። ጠበል አትሂዱ የምል ሰው አይደለሁም። ጠበሉም መድኃኒቱም አይጣሉም፤ የሚያጣሏቸው ሰዎች ናቸው።

ሌላው ጭንቀት መንገዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን ሲቃረብ እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ከዚያ ወዲህ በየዶርሙ የዕረፍት ወሬ ሲነሳ «መቼ ነው የምንሄደው?» ከመባሉ በፊት «በየት በኩል?» ነው የሚባለው። እናት ልጇ እንዲመጣ ትጸልያለች፣ ሲነሳ ደግሞ እንዳይመጣ ትጸልያለች። ይህ ሁሉ ባለበት ልጁ ፊዚክስ ይፈተናል።

የሴቶቹን ነገር ደግሞ ወንድ ሆኜ እስከማውቀው ልናገር። ወንዱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከስፔስ ወደ ዶርም እያፏጨ ይመለሳል። ሴቷ ጨለማውን አስልታ አራት ሰዓት ላይ ደብተሯን ትሰበስባለች። በሴሚስተር ስንት የንባብ ሰዓት እንደሚሆን ደምሩት። ከዚያ ውጤቷ ዝቅ ሲል «ሴት አትችልም» የሚል አለ።

እሺ፣ ሳህኑስ?

በዚህ ላይ ልቆይ፤ እማማንም አባባንም ያስጨነቃቸው እሱ ስለሆነ። ልጁ ሳህን ማጠብ የጀመረው ስለ ፆታ እኩልነት ሌክቸር ሰምቶ አይመስለኝም። ዶርም ውስጥ እናት የለችም። እህት የለችም። ካልሲህን ካላጠብክ ካልሲህ ራሱ ይቆማል። ስድስት ወንድ ተራ ገብቶ ይጠርጋል፤ ተራውን የዘለለ ይሰደባል። ስድስት ወር እንዲህ ከኖሩ በኋላ ቤት ተመልሶ ሳህኑን ጥሎ መነሳት ይከብዳል። «ሥራው የሴት ነው» የሚለው ሐሳብ በክርክር አልተሸነፈም። እጁ ሌላ ነገር ለመደ፤ አፉ ኋላ ተከተለ። የአጎቱ ልጅ ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። ሴክሽኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ ካልኩለስ የምታስረዳው ልጅ አለች። 15 ዓመቷ ላይ ብትዳር ኖሮ እዚያ ወንበር ላይ አትገኝም ነበር። ይህን ለማሰብ ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም።

አመለካከት እንዴት እንደሚለወጥ ካጠኑት አንዱ አሜሪካዊው ቴዎዶር ኒውኮምብ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ቬርሞንት ውስጥ ቤኒንግተን የሚባል አዲስ የሴቶች ኮሌጅ ነበር። ልጃገረዶቹ የሚመጡት ከሀብታምና ወግ አጥባቂ ቤተሰብ ነው። መምህራኑና አንጋፋ ተማሪዎቹ ግን ለውጥ ፈላጊዎች ነበሩ። በ1936ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ከአዲስ ገቢዎቹ 62 ከመቶ የሚሆኑት የወላጆቻቸውን እጩ፣ ሪፐብሊካኑን ላንደንን ደገፉ። ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመት ተማሪዎቹ ግን ላንደንን የደገፉት 15 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም። ኒውኮምብ ማን ተለወጠ፣ ማን አልተለወጠም ብሎ ሲያይ፣ የተለወጡት በግቢው ለመወደድና ለመከበር የፈለጉት ሆኑ። ያልተለወጡት ብዙዎቹ ወይ ልባቸው ቤታቸው የቀረ፣ ወይ ከሰው የራቁ ነበሩ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲፈልጋቸው አብዛኞቹ በአዲሱ አመለካከታቸው ጸንተው አገኛቸው። ለምን ቢባል ባሎቻቸውንም ጓደኞቻቸውንም የመረጡት ከሚመስሏቸው ሰዎች ነበር። «እደሩ» የምንባባለው ሰው ያመጣውን ሐሳብ ነው የምንለብሰው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህንን ነው።

ሌላም አለ። ዳርትማውዝ የሚባል የአሜሪካ ኮሌጅ አዲስ ተማሪዎችን በዕጣ ነበር ክፍል የሚደለድለው። ብሩስ ሳሰርዶት የተባለ የኢኮኖሚክስ ምሁር ይህን አጋጣሚ ተጠቅሞ የክፍል ጓደኛ ተጽዕኖን ለካ። ጥናቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ። አብሮ የሚያድር ልጅ ውጤትንና የትኛው ማኅበር ውስጥ እንደሚገባ ይነካል። የትምህርት ዘርፍ ምርጫን ግን አልነካም። እኛም ዘንድ ያው ይመስለኛል፤ ዲፓርትመንት የሚመረጠው አጎት አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ነው።

እንግዲህ ልጁ ለምን አጥብቆ እንደሚጾም ገባችሁ? አርባ ምንጭ ሲደርስ ማንንም አያውቅም። የግቢ ጉባኤ፣ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ማኅበር፣ ልጆች ሻንጣውን ተቀበሉት። ቱቶሪያል ሰጡት። ሲያመው አተሚት አመጡለት። በእሁድ «ወንድማችን» አሉት። ለሙስሊሙ ተማሪ ጀመዓው፣ ለፕሮቴስታንቱ ፌሎው የሚባለው ኅብረቱ ይህንኑ ያደርጋሉ። ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲ ልጅን ከእምነት ያወጣል ብሎ ይፈራል። እኔ ያየሁት ባመዛኙ ተቃራኒውን ነው። ቤቱ ሳለ በልማድ የሚጾመው ልጅ ግቢ ሲገባ በውሳኔ ይጾማል። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወንድማችን» የሚለው ቃል ከዚያ ክበብ ውጭ ያለውን የዶርም ልጅ የሚያስረሳ ሲሆን።

ስለዚህ ነገር አንድ የራሴን ልናገር። የትኛው ግቢ እንደሆነ ይቅር። ዶርማችን ውስጥ ከወላይታ የመጣ ልጅ ነበር። አማርኛው ይሰናከልበት ነበር። አንድ ማታ በሩ ላይ ቆሞ እኔን «አንቺ፣ ቁልፉን ስጪኝ» አለኝ። እኔ የሸዋ ልጅ፣ አማርኛው ከእናቴ ጡት ጋር የገባ፣ ተነሳሁና እንደ ሴት እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ «ምን ልስጥህ የኔ ጌታ?» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሁለት ሳምንት ገደማ አፉን አልከፈተም። ሲያስፈልገው በእጁ ይጠቁማል። እኛ «ዝምተኛ ነው» አልን።

ሚዱ መጣ። ማትስ ላይ ወደቅኩ። እሱ ከ30 ሃያ ዘጠኝ አለው። እያፈርኩ ሄድኩ። ስፔስ ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሦስት ሌሊት አስረዳኝ፤ በዚያው በሚሰናከለው አማርኛ። በሦስተኛው ሌሊት እስክሪብቶውን አስቀመጠና «አንተ በእኔ ቋንቋ ስንት ቃል ታውቃለህ?» አለኝ። አንድም። «እኔ ያንተን አሥር ሺህ አውቃለሁ። አንዷን ብሳሳት ሳቅህ።» ስለ አገሬ ሕዝቦች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ አንብቤያለሁ። ያን ያህል የገባኝ የለም።

ጎርደን ኦልፖርት የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1954 እ.ኤ.አ. የጻፈው ከዚህ ጋር ይሄዳል። የተለያዩ ሰዎችን አንድ ላይ ማኖር ብቻውን ጥላቻን አያጠፋም አለ። አራት ነገር ያስፈልጋል፤ እኩልነት፣ የጋራ ግብ፣ መረዳዳት፣ ከላይ ያለው አካል ድጋፍ። ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪውን ከክልል ክልል ሲመድብ አንድ ላይ ማኖሩን አደረገ። የቀሩትን አራቱን ዶርሙ በከፊል ይሰጣል። ፍራሹ አንድ ነው፣ የምግብ ካርዱ አንድ ነው፣ አሳይመንቱ የጋራ ነው። ግን የቀልዱ ቋንቋ የእኔ ከሆነ እኩል አይደለንም። እኔ ይህን ለማየት ማትስ መውደቅ ነበረብኝ።

አራቱ ሲጎድሉ ምን እንደሚሆን በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አይተነዋል። በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሳ፣ የተማሪ ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ያኔ ወሬ በስልክ ይመጣል። አንድ ፎቶ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ «ልጆቻችን እያለቁ ነው» የሚል ጽሑፍ። ትናንት አብሮህ ሽሮ የበላው ልጅ ዛሬ ስም ሳይሆን ብሔር ይሆናል። ግቢው ዝም ሲል ወሬው ብቻውን ይናገራል። በዚያ ሰሞንም ግን ጓደኛቸውን አልጋ ሥር የደበቁ፣ ልብስ ቀይረው ከበር ያሻገሩ ልጆች ነበሩ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ካልኩለስ የሠሩ ናቸው። ይሄ የእኔ ግምት ነው።

ዕድሜ የጠገቡት አባባ ይህን ሲሰሙ ከጓዳ ብቅ ብለው «ድሮም ተማሪ እንዲሁ ነበር» አሉ። ልክ ናቸው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ከነሱ ስንቶቹ የባለ መሬት ልጆች ነበሩ! በዚያው ጊዜ ገደማ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ የሚያገለግልበት ሥርዓት ተጀመረ፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ሄዱ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 ተማሪና መምህር ገጠር ወረደ። የገበሬው ጎጆ ውስጥ ያደረ ልጅ አዲስ አበባ ሲመለስ የአባቱን ጭሰኛ በሌላ ዓይን ነበር የሚያየው። አባባ የዘመቻ ዩኒፎርማቸው እስከ ቅርብ ጊዜ ሣጥን ውስጥ ነበር። «ምን ተማርክ ያኔ?» አልኳቸው። «ቅማል» አሉና ሳቁ። ቀጥለውም «ሰው ድንጋይ ተንተርሶ ሲተኛ አየሁ» አሉ።

እማማ ዝም ብለው አዩዋቸው። በአርባ ዓመት ትዳር ይህን ሰምተው አያውቁም ነበር።

ስለ ልጁ ምን ላድርግ ላሉኝ፣ የነገርኳቸው ጥቂት ነው። ሲደውሉ ከውጤት አይጀምሩ። «ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ይበሉት። ስም ከጠራ ደግ ነው፤ ሁለት ሦስት ስም ከጠራ የተሻለ። የሚጠራው ስም ከጠፋው ያኔ ይጨነቁ። «ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ?» ይበሉት። ትምህርቱ ላይ ወድቆ ቢመጣ እንኳ ቤቱ መግባት እንደሚችል ይንገሩት፤ በቃል። ልጅ ያውቃል ብሎ መተው አይበቃም። ስለ መንዟ ልጅ ደግሞ እሱ ነው ልክ፤ እዚያ ላይ ሽምግልና የለኝም።

ልጁ ሰኞ ሊሄድ እሁድ ማታ ሻንጣ ሲሸክፍ እኔም ነበርኩ። እማማ በሶውን በጣሳ እየሰፈሩ ነው። «ዶርማችሁ ስድስት ነው ያልከኝ?» አሉ። «ስድስት» አለ። አንድ ጣሳ ሰፍረው የነበሩት አምስት ጨመሩ። «የአፋሩ ልጅ በሶ ይበላል?» አሉ ደግሞ። «ይበላል እማዬ፣ ስኳር በዛ ያድርጉበት እንጂ።»

እራት ቀረበ። ሲያበቃ ልጁ ሳህኑን ይዞ ተነሳ። አባባ ትንሽ አሰቡ። ሳህናቸውን አንስተው እስከ ጓዳው በር ወሰዱት። እዚያው ደፉ ላይ አስቀመጡትና ተመልሰው ተቀመጡ።